ጥሬው ማሰሮ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት ማሰሮ በነጠላ አዝላ ከባጃጅ ወረደችና በሬን አንኳኳች። ሽንኩርት ስልጥ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቅርሮ ፊቷን በደንብ አላየሁትም። ያየሁት በሩን የያዘውን ግራ እጇን ነው። ትንሿ ጣቷ ከመሃሏ ጎብጣ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ልቅሶዋ ላይ ተቀምጬ ንፍሮዋን በልቻለሁ።

«ቤት ለእንግዳ አይባልም እንዴ?» አለችኝ።

«ቤት ለእንግዳ» አልኳት።

ማሰሮውን ከጀርባዋ አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እሱንም አወቅሁት። ለምን እንደመጣች፣ ምን እንደጠየቀችኝ እነግራችኋለሁ፤ ግን የማሰሮውን ነገር ሳታውቁ ጥያቄዋ ምንም ስለማይመስላችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። ደሴ ተወልጄ አድጌ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የሸክላ ሥራ ተምሬ፣ በሰርተፍኬቴ ላይ ያለው ማኅተም ሳይደርቅ ሰቆጣ ተላክሁ። ሥራዬ ለሦስት ወር የገጠር ሸክላ ሠሪ ሴቶችን ማስተማር ነው። ምን? የሸክላ ገጽ ማስዋብ። ዕድሜ ልካቸውን ሸክላ ለሠሩ ሴቶች ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከወልድያ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ስመጣ አቧራውን እየዋጥኩ በልቤ የመክፈቻ ንግግር እለማመድ ነበር።

አክስቴ ስትሸኘኝ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል የሚባለውን እሷም እንደ ሁሉ ሰው ታምናለች። እኔ ዘመናዊ ነኝ ብዬ ሳቅሁባት። ቋጠሮውን ግን አልፈታሁትም፤ ወደ ጡት መያዣዬ ውስጥ አዛወርኩት እንጂ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በከተማው ዳር፣ በፊት የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። መስቀል አልፏል፤ ሜዳው ገና ቢጫ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው እየጋለ ጠ ጠ ይላል። አሥራ ሁለት ሴቶች መጡ። አብዛኞቹ ከጋዝጊብላ በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ቆሏቸውን በቋጠሯቸው ይዘው በከተማው ዘመድ ዘመዳቸው ቤት አርፈዋል። እርስ በርሳቸው በኽምጣንጋ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። የሚስቁት ግን ሁልጊዜ በኽምጣንጋ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ገመድ፣ አሮጌ ወንፊት፣ የሰፌድ ቁራጭና የአጋም እሾህ ደረደርኩ። ጭቃው ጠንከር ብሎ፣ ግን ገና ሳይደርቅ፣ ቆረቆንዳውን ብታንከባልሉበት እንዲህ ያለ ገጽ ይሰጣል፤ ወንፊቱን ብትጫኑት እንዲህ። «ይህ ቴክስቸር ይባላል» አልኩ።

ዝናሽ የምትባል የእኔ እኩያ፣ ምላሷ የተሳለ ሴት እጇን አነሳች። «ቴክስቸር ማለት ምንድን ነው መምህርት?»

«እጅ ሲነካው የሚሰማው ነገር።»

«ታዲያ የኛ እጅ እስከ ዛሬ ምን ሲነካ ኖሯል?»

ሳቅ ሆነ። ተቆጣሁና የእኔን ማሳያ ገንቦ ገለበጥኩት፤ አንገቱ ተንጋደደ። ዝናሽ አንስታ በሁለት ጣቷ አቀናችውና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች፤ ለዚህኛው እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ተስማማን። እውነቱን ለመናገር እነሱ ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር። ከወንዝ የለቀሟትን ለስላሳ ጠጠር አንድ ገጽ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲወለውሉባት ጭቃው መልክ ያሳያል። እኔ የጨመርኩላቸው ነገር ቢኖር ለምን እንደሚያደርጉት በወረቀት መጻፌ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ መካከል የማትስቀው አንዲት ነበረች፤ እማማ ፈንታዬ። ያኔ በዓይኔ አሮጊት ነበሩ፤ አሁን ዕድሜያቸውን ሳሰላው ከዛሬዋ እኔ አይበልጡም። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት። በየጠዋቱ አንድ ማሰሮ ልክ እንደ ሕፃን በነጠላ አዝለው ይመጣሉ፤ ከመደርደሪያው የላይኛው ጥግ ያስቀምጡታል፤ ማታ አዝለውት ይሄዳሉ። ባዶ ቤት ትቼው አልመጣም ነው የሚሉት።

ማሰሮው ጥሬ ነው፤ ደርቋል፣ ግን እሳት አላየም። በሆዱ ዙሪያ የሰው መዳፍ ታትሞበታል። ሰባት ጊዜ፣ አንዱ መዳፍ ከሌላው ጎን፣ ያው አንድ ግራ እጅ። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ በደንብ ስለተጫኑት የመዳፉ መስመሮች እንኳ ይታያሉ። በሰባቱም ላይ ትንሿ ጣት ጎብጣለች። እኔ ከቆረቆንዳና ከወንፊት ጋር ስታገል እንደዚያ ያለ ገጽ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ቅናት ይሁን ፍቅር እንጃ፣ ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

«እማማ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«ማሰሮውን እኔ ሠራሁት። እጁ የለምለም ነው፣ የልጄ።»

«የት ናት?»

«ዓረብ አገር ሄደች። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ።»

«ትጽፍልዎታለች?»

ነጠላውን ማሰሮው ላይ አስተካከሉ። «አልጻፈችም።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ዕቃ ለምን አይተኮስም? እንዲህ ጥሬውን አንድ ቀን ይፈረካከሳል እኮ።»

«አይተኮስም» አሉኝ። እኔም በልቤ «እሳቱ ይሰነጥቀዋል ብለው ፈርተው ነው» አልኩ። ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ይተረጉማል፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ሸክላ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። እማማ ፈንታዬ ግን ቀድመውኛል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከማሰሮው ፊት ቆመዋል፤ ግራ እጃቸውን ከአንደኛው መዳፍ ላይ፣ ጣት በጣት፣ አሳርፈዋል፤ በኽምጣንጋ በዝግታ ይናገራሉ። ይናገሩና ዝም ይላሉ፤ ሰው መልስ እንደሚሰማው ያህል ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። እጃቸውን ሲያነሱ አንዳች ነገር ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ዞረው ሲያዩኝ አልደነገጡም። «ደህና ናት» አሉኝ፣ ማን እንደሆነች እንደጠየቅኋቸው ሁሉ።

በምሳ ሰዓት፣ ሴቶቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሏቸውን ሲበሉ፣ እኔ ገብቼ እጄን አሳረፍኩበት። ጥሬ ሸክላ እርጥበት እንደሚመጥ፣ ላብ ያለው እጅ ሲያርፍበት ያዝ እንደሚያደርግ አስተምራለሁ፤ በደብተሬም ጽፌዋለሁ። ቢሆንም እንዲያ ይይዛል ብዬ አላሰብኩም። ቀዝቃዛ ነበር። ስስበው ሳበኝ። እጄን ሳላቅቅ ቆዳዬ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ትንሿ ጣቴ እስከ ማታ እንደ ደነዘዘች ቆየች። ያን ዕለት አክስቴ የቋጠረችልኝን ቋጠሮ አወጣሁና አሸተትኩት፤ ደርቆ ሽታውን ጥሏል።

በሥልጠናው መጨረሻ እንግዶች መጥተው የሴቶቹን ሥራ ሊያዩ ነው ተባለ። እኔ ከወዲሁ ዐውደ ርእዩን በሐሳቤ ደረደርኩት፤ መሃል ላይ ያለው የመዳፉ ማሰሮ ነው። ጥሬውን ግን እንግዳ ሁሉ እየነካካ እንዴት ይሆናል? ኅዳር ጽዮን ደረሰችና ሴቶቹ ለበዓል ወደየቀያቸው ሊሄዱ ሆነ። በእግር ግማሽ ቀን ነው፤ ያን ሰሞን እማማ ፈንታዬ ወገባቸውን አሟቸው ነበር። እኔው ራሴ ነኝ «ማሰሮውን ይተዉት፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» ያልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ዝናብ እንዳይነካው» አሉ።

«አይነካውም።»

«አደራ።»

«አደራዎን» አልኩ። ዝናብ እንዳይነካው አደራ ተቀበልኩ፤ ስለ እሳት ያሉኝ ነገር ቀድሞ ተነግሮኛል፣ እሱን ግን እንደ አደራ አልቆጠርኩትም።

ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ጉድጓድ አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ደረደርኩ፤ ማሰሮውን መሃል አደረግሁት። ኩበትና እንጨት ከምረን ለኮስን። የረዱኝ ዘበኛው ጋሽ ታረቀ ናቸው፤ የሌላ አገር ሰው፣ ስለ ሸክላ ግድ የሌላቸው። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ ጭሱ ወዲያ ወዲህ ሳይል ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። እኔ ተደስቼ እያንጎራጎርኩ ነበር። ለእማማ ውለታ እየዋልኩላቸው መስሎኛል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው።

እሳቱ ሲበረታ ድምፅ ተጀመረ። ሸክላ ውስጡ እርጥበት ከቀረ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ ያን ድምፅ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ይህ ግን ሌላ ነበር። ጠፍጣፋ ድምፅ፣ መዳፍ በመዳፍ ሲመታ ያለ። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፤ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል። ጋሽ ታረቀ ኩበቱን መሬት ላይ አስቀመጡና አማተቡ።

«ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«እርጥበት ነው» አልኳቸው። ሌላ ኩበት ጨመርኩበት።

በማግስቱ በዓሉ ስለነበር አልነካነውም። ቅዳሜ አመዱን ስንገልጥ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ሰባቱ ተሰባብረዋል። አንድ የዝናሽ ጀበና ተርፏል። ማሰሮውም ተርፏል፤ እንዲያውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥቁር ነጥብ ሳያርፍበት ደም መስሎ ቀልቷል። በኩበት የተተኮሰ ሸክላ እንዲያ አይወጣም፤ ጭስ የሆነ ቦታውን ያጠቁረዋል። በጥፍሬ ብመታው ደወል ሆነ። አመዱን አራግፌ፣ ወልውዬ፣ ከቦታው መልሼ ነጠላ አለበስኩትና ሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። የእማማን ፊት ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ተሰብስበው ገቡ። እማማ ፈንታዬ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጥጉ ሄዱ፤ ነጠላውን ገለጡ። ቀለሙን አዩ። እጃቸውን መዳፉ ላይ አሳረፉና ቆዩ። አነሱት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ እንትፍ አሉበትና ደግመው አሳረፉት። እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።

«አልያዘኝም» አሉ፣ በአማርኛ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የጠበቀ ሰው ቁጣ ሲያጣ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያን ቀን አወቅሁ። በትሕትና፣ ለቃሉ እየተጠነቀቁ፣ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«መሞቷን።»

ዝናሽ ጮኸች። ሌሎቹ ተከተሏት። እኔ «ማንም አልነገረኝም፣ እንዲያምር ብዬ ነው፣ እንዳይሰበር ብዬ ነው» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። እማማ ሻሻቸውን ፈቱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጣፉ፤ ማሰሮውን አዘሉ፤ ወጡ።

ነገሩን ያስረዳችኝ ዝናሽ ናት፣ በር ላይ ቆማ፣ እያለቀሰች። ከወገናቸው ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ እጁን በጥሬ ማሰሮ ላይ አሳርፎ ይሄዳል። ጥሬ ሸክላ ውኃ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ የሄደውም እንደዚሁ ይመለሳል። የተመለሰ ቀን በገዛ እጁ ውኃ አፍስሶበት ያሟሟዋል፤ በዚያው ጭቃ አዲስ ዕቃ ይሠራበታል። የሞተ እንደሆነ ግን፣ መርዶው ሲመጣ፣ ማሰሮው ይተኮሳል፤ በተዝካሩ ጠላ ይቀዳበታል። የተተኮሰ ሸክላ ይሰበራል እንጂ ጭቃ አይሆንም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ምን ብለን? ስለኛ የሚወራው አይበቃም? ይሄንንም ብንነግርሽ ደሞ ምን ልትይን ነው?» አለችኝ። ደረቴን ነካሁ። ቋጠሮውን እንዳየችብኝ ገባኝ፤ መቼ እንዳየችው ግን አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ልቅሶው ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ መንገዱን እየጠየቅሁ። ገብሱ ታጭዷል፤ በየአውድማው በሬዎች ይሽከረከራሉ፤ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ገና ሳልጠይቀው ወደ ለቅሶ ቤቱ በእጁ ያመለክተኛል። ልጃቸው አልሞተችም ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ልናገር፣ ቢሰድቡኝ ልሰደብ፣ ቢደበድቡኝ ልደበደብ ቆርጬ ነበር።

ማንም አልሰደበኝም። እግሬን አጠቡኝ። ከድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡኝ። መሃል ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ የልጅቱ ቀሚስ ተዘርግቶ ማሰሮው ተቀምጦበታል። አልቃሿ የለምለምን ስም እየጠራች ሙሾ ስታወርድ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሦስት ጊዜ መትተው ያርፋሉ፣ ሦስት ጊዜ መትተው ያርፋሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የሰማሁት ይህ ነው። አልተሳሳትኩም፣ ይኸው ነው።

ተነስቼ ተናገርኩ። እኔ ነኝ፣ ባለማወቅ ነው፣ ማንም መርዶ አልነገረኝም አልኩ። አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ ሰሙኝና «ልጄ፣ መርዶ ሰው የማያመጣው ጊዜ አለ። ያኔ መንገደኛ ፈልጎ ያድርበታል። መንገደኛ ምን ጥፋት አለበት?» አሉ። ቀጥለውም «እሳቱን የለኮስሽው በየትኛው ቀን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሐሙስ» አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ።

«በስንት ሰዓት?»

«አራት ሰዓት ገደማ።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ለካህኑ ነገሯቸው። አርባው፣ ሰማንያው፣ ተዝካሩ ከዚያ ሐሙስ ተቆጠረ። በሕይወት ላለች ሴት የሞት ቀን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ንፍሮ በእፍኜ አደረጉልኝ፤ ስንዴና ባቄላ፣ ጨው የለውም። በላሁ። በኋላም አለቀስኩ፤ ለይስሙላ ሳይሆን ከልቤ፤ ምክንያቱም ከመሃል የሆነ ቦታ ላይ ራሴም መሞቷን አምኜ ነበር።

ሥልጠናው ተዘጋ። እኔ ግን ወደ ደሴ አልተመለስኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ልጅቱ ብትመጣ እኔ እዚህ ልኖር ይገባል የሚል ነገር ያዘኝ። እዚሁ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አገባሁ፤ ሰቆጣ አገሬ ሆነች።

በአራተኛው ዓመት፣ በለስ ሲደርስ፣ ዝናሽ ገበያ ላይ ከሸክላዎቿ መካከል ጠራችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ለምለም መጣች» አለችኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ እዚያው ጭድ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ነበር፤ በማርያም፣ ደስታ ነበር። አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ ዝናሽ አንድም ቀልድ አልቀለደችም፤ የሆነ ነገር እንዳለ ከዚህ መጠርጠር ነበረብኝ።

ስንገባ ለምለም ከእንግዳ ቦታ ተቀምጣለች፤ ረጅም፣ ከሳ ያለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ያጣመረች። እናቷ በለስ እየላጡ በሳህን ያቀርቡላታል።

«ይብሉ እንጂ» አሏት። «ከመንገድ ነው የመጡት፣ ደክሞዎታል።»

ለገዛ ልጃቸው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያሳደጓትን ልጅ ነው «እርስዎ» የሚሏት። ከመጣች አሥር ቀኗ ነው አሉኝ፤ ካህኑም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም ሊያሳምናቸው ለፍቷል። እማማ ፈንታዬ አእምሯቸው ደህና ነው፤ ከብቶቹን ያውቃሉ፣ እኔን በስሜ ጠሩኝ፣ የባሌን ጤና ጠየቁኝ። እንግዳይቱን አልጠሉም፤ ከቤቱ የተሻለውን አልጋ ሰጥተዋታል። ልጃቸው ግን ሞታለች፤ ለቅሰውላታል፣ ተዝካሯን አውጥተዋል።

«እጇን ማሰሮው ላይ ታሳርፍ» አልኳቸው። ማሰሮውን አምጥተው በፊቷ አስቀመጡት። ለምለም ግራ እጇን ዘርግታ መዳፉ ላይ አሳረፈችው። አልገጠመም። ጣቶቿ ከጣቶቹ አልፈው ወጡ።

«አዩ?» አሏት እማማ በሐዘኔታ። «የእሷ እጅ ነው እንዲህ ያለው። ይመስላሉ፣ በእርግጥ ይመስሏታል።»

«እማማ፣ ሸክላ ሲተኮስ ይጠባል!» ብዬ ጮህኩ። «እጁ ያነሰው ለዚህ ነው! ያውቁታል እኮ!»

«አሳምሬ አውቃለሁ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «እኔ አይደለሁም ያሳየሁሽ? ይጠባል። ጠቦ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።»

ለምለም ወጥታ ከአጥሩ ሥር አናገረችኝ። ዓረብ አገር ትሠራበት የነበረው ቤት እመቤት ከደጅ ታስወጣት እንዳልነበረ፣ ደብዳቤ የሚልክላት እንዳላገኘች ነገረችኝ። ከዚያ «በየትኛው ቀን ነው የተኮስሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። በዚያው ሰሞን፣ ለጽዮን ጾም ይዛ ስለነበር ታስታውሰዋለች፣ ትኩሳት ጥሏት ሦስት ቀን ሰውነቷ እንደ እሳት ነዷል። ትኩሳቱ ሲለቃት ተነሳች። «ከዚያ ወዲህ አያልበኝም» አለችኝ። «በዚያ አገር ሙቀት፣ አያልበኝም። እንባም የለኝም። እናቴ እርስዎ ስትለኝ እንኳ።»

ግንባሯን ነካሁት። ቀትር ነው፤ እኔን ላብ አጥምቆኛል፤ የእሷ ግንባር ደረቅና ለስላሳ ነበር፣ በጠጠር የተወለወለ ያህል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት አልሄድኩም። ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዝናሽ በየዓመቱ ወሬውን ታመጣልኛለች፤ ለምለም አላገባችም፣ እናቷን ትጦራለች፣ እናቷም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል» እያሉ ይመርቋታል።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ፊት የተቀመጠችው ይህች ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ለሁሉም ሰው፣ ለሽማግሌም ቢሆን፣ አንተና አንቺ ነው የምትለው፤ «እርስዎ» ከአፏ አይወጣም።

«እናቴ አረፈች» አለችኝ። «አርባዋ ትናንት ወጣ።»

ነፍስ ይማር አልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሸክላውን የተኮስሽው አንቺ ስለሆንሽ አንቺ ታውቂ ይሆናል ብዬ። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ውኃ ላጠጣት ቀና አደረግኋት። ወደ በሩ በኩል አየች። እኔ በበሩ በኩል ነበርኩ፤ በሩም ከእኔ ጀርባ ክፍት ነበር። ፊቷ በራ። ‹ለምለሜ፣ መጣሽ?› አለች። ‹መጣሽ› አለች፣ ‹መጡ› አላለችም። ከዚያ አልተናገረችም።» ጎባጣ ጣቷን በሌላው እጇ ያዘች። «ማንን ነው ያለችው? እኔን ነው ወይስ ያቺን?»

ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሳላውቅ መልስ መስጠት ሥራዬ ነበር። «አንቺን ነው» አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት፣ ሳላስብ፤ ዓይኗን እያየሁ። አመነችኝ ወይስ አዘነችልኝ አላውቅም። ውኃ ጠየቀችኝ፤ ጠጣች። ስትነሳ ማሰሮውን አልወሰደችም። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝና ባጃጅ ይዛ ሄደች።

እስከ ዛሬ አስተምራለሁ፤ ለጡረታዬ ገና ጥቂት ዓመት ይቀራል። ተማሪዎቼ ቆረቆንዳውንም ወንፊቱንም ሲጫኑ ዝም ብዬ አያለሁ። እሳት ከመለኮሴ በፊት ግን እያንዳንዱን ዕቃ በእጄ አንስቼ «ይህ የማን ነው? ይተኮስ ወይ?» እላለሁ፤ ባለቤቱ በአፉ ይተኮስ ካላለ አልነካውም። ልጆቹ እርጅና ነው ይላሉ።

ማሰሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ውኃ አልሞላሁበትም፤ ምንም አላደረግሁበትም። ጠዋት ጠዋት፣ ባሌ ሳይነሳ፣ እጄን ታጥቤ ሳላደርቅ አሳርፍበታለሁ። እቆያለሁ። ዛሬም አልያዘኝም።